ኢድሪስን ከውድድር ያስወጡት ተሳፋሪ

ዛሬ አሶሳ ላይ አንዲት እናት ለትርዒት የቆመ ሞተር ላይ ወጡና፣ የማንጎ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አደላድለው «ገበያ አድርሰኝ» አሉ።

አይፈረድባቸውም። እዚህ ከተማ ተሰልፎ የቆመ ሞተር ሁሉ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ነው።

የአሮጌ ሞተሮች ክለባችን ትርዒት ላይ ነበርን። ሞተሩ የጡረተኛው ጤና ረዳት የኢድሪስ ነው። ድሮ በየቀበሌው ክትባት ያደረሰበትን ሞተር ለዛሬ ብሎ ሦስት ወር ሙሉ ሲወለውለው ከርሟል። አንደኛ እንደሚወጣ እሱም እኛም አልተጠራጠርንም።

ዳኞቹ እሱ ጋ ለመድረስ ሁለት ሞተር ቀርቷቸዋል። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከታጠረበት ገመድ የወጣ ሞተር አይዳኝም።

«እናቴ፣ ይሄ ለመታየት ብቻ ነው» አላቸው ኢድሪስ በትሕትና።

«ውይ፣ አይሄድም እንዴ?» አሉ ከልባቸው አዝነው።

የኢድሪስ ፊት ተለዋወጠ።

«ኧረ ተው ኢድሪስ! ዳኞቹ ደርሰውብሃል እኮ!» ብለን ጮኽን። እሱ መርገጫውን መምታት ጀምሯል። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ተነሳ። ገመዱን ዝቅ ያደረግኩለት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ዳኞቹ ሲደርሱ ጭሱን ብቻ አገኙ። ዋንጫውን በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ሞተር ወሰደው።

ኢድሪስ የተመለሰው ሽልማቱ ካለቀ በኋላ ነው። ማን እንዳሸነፈ እንኳ አልጠየቀም።

«መንገዱን ሙሉ ቀስ በል፣ ቀስ በል እያሉ ሲለምኑኝ ነበር» አለን ደረቱን ነፍቶ።

እናንተስ እንዲህ ባለች አንዲት ጥያቄ ተነክታችሁ ምን ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልን። አንስቅም ብዬ ግን ቃል አልገባም።