ያላነበብኩት ጣሳ

ሚስቴ ታደለች ይህን ሳታውቅ ሞተች። ልጆቼም አልሰሙትም። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ስለ ሐሰት ብዙ ጊዜ ቆሜ አስተምሬአለሁ፤ የራሴን ሐሰት ግን አንድም ቀን አላወጣሁትም። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። እኛ ዘንድ ሰው ጆሮው ላይ የሚናዘዝለት የንስሐ አባት የለም። ስለዚህ ይህን ወረቀት የያዝክ ሰው፣ ማንም ሁን፣ ለጊዜው አንተ ስማኝ። እንድታዝንልኝ አይደለም። እየተጠራጠርክ ስማኝ፤ እኔም ራሴን እየተጠራጠርኩ ነው የምጽፈው።

ነገሩን የቀሰቀሱብኝ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው በዓል ዲላ ቤቴ ተሰብስበው ምሳ ከበላን በኋላ ስለ ምግብ ክርክር ገጠሙ። ልጄ ማርታ የጤና ሠራተኛ ናት፤ የብስኩት እሽግ ገልብጣ ጽሑፉን ሳታነብ ለልጆቿ አትከፍትም። «ዛሬ የምንበላው ሁሉ ፋብሪካ የነካካው ነው፤ በእናንተ ጊዜ ምግቡ ንጹህ ነበር» አለች።

ታላቅ ወንድሟ ተስፋዬ ሳቀባት። «ንጹህ? ቆጮውን ከነአፈሩ ስንበላ አንቺ አልተወለድሽም። እኔን የሚናፍቀኝ የእትዬ ዘይነባ ፓስቲ ነው። ትኩስ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ጋዜጣው ራሱ የሚጥም።»

«ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ሊጥ ነው የናፈቀህ?»

«አዎ፣ እየዋኘ ይምጣልኝ።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ለምን ተወችው?»

«የአሳማ ስብ ተገኝቶባት ነው። ጣሳው ላይ ያነበበው አባዬ ነው እኮ።»

ማርታ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ በራ። «አያችሁ? ጽሑፍ ሳላነብ የማልበላው ከማን ወርሼ እንደሆነ» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። አዎ፣ ፈገግ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያንን ሐሰት ልጄ እንደ ውርስ ስታነሳው ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንጀራ አይወርድልኝም።

በጃንሆይ ዘመን፣ ገና ወጣት አባት ሳለሁ፣ ዲላ ውስጥ በአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን እሠራ ነበር። ሥራዬ ጆንያ ላይ ምልክት መምታት ነው። ፊደል የተቀደደበት ቆርቆሮ ጆንያው ላይ አስደግፋለሁ፣ ጥቁር ቀለም የነካ ብሩሽ አሳልፍበታለሁ፤ ቆርቆሮውን ሳነሳ የፈረንጅ ፊደል ጆንያው ላይ ቁጭ ይላል። ፊደሉ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። አማርኛን ግን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል በፊደል ለቅሜ ተምሬአለሁ። እናቴ ከጌዴኦኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አልነበራትም፤ እኔ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት አነብ ነበር። መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ደብዳቤ ሲደርሳቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። «ጋሽ ጅግሶ የማያነበው የለም» ይላሉ። ያልኩት እኔ አይደለሁም። ግን አላረምኳቸውም። ሰው ከሚገባው በላይ ሲያከብርህ ዝም ማለት ስርቆት አይደለምን?

ዘይነባ የመጋዘኑ በር ላይ ፓስቲ የምትጠብስ ባሏ የሞተባት እስላም ሴት ነበረች። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት፤ ትልቋ ፎዚያ ትባላለች። የሚኖሩት በዚያች መጥበሻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበራቸውም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ለቃሚዎቹ ሁሉ ይከቧታል። የከተማው ክርስቲያን አለ፣ እስላም አለ፣ እንደ እኛ ያለ አማኝ አለ፣ ከወርቃ በኩል የመጡ የገጠር ሴቶች አሉ። ሥጋ ቢሆን የማን ካራ እንደነካው ተጠይቆ፣ እያንዳንዱ ወደ ወገኑ ይሄድ ነበር። ፓስቲ ግን ካራ አይነካውም። የሚጾመውም የማይጾመውም ከአንድ መጥበሻ ያነሳል። በዲላ እነዚያ ሰዎች ሁሉ አብረው የሚበሉበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ይህን ዛሬ አየሁት። ያኔ ያየሁት ሌላ ነው።

ያኔ ያየሁት ሚስቴ ቆጮ መጋገር መተዋን ነው። ታደለችም እዚያው ትለቅም ነበር፤ ማታ ስትመለስ ፓስቲ በጋዜጣ ጠቅልላ ታመጣለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ በቃ፣ እራት ሆነ። ልጄ ተስፋዬ የእናቴን ቆጮ ሲያቀርቡለት ፊቱን ማዞር ጀመረ። እኔ ከጉድጓድ የሚወጣውን ምግብ አምነዋለሁ፤ እንሰቱን ማን እንደተከለው፣ ማን እንደፋቀው፣ ስንት ወር እንደተቀበረ አውቃለሁ። ገንዘብ ሰጥተህ ቆመህ የምትበላው ነገር ግን ከየት መጣ? ማን ነካው? ለምንስ ይህን ያህል ይጥማል? የሚጥም ነገር ሁሉ ያጠራጥረኝ ነበር። ቤቴን የምትቀማኝ ያቺ መጥበሻ መሰለችኝ። ሚስቴ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትለቅም ውላ ወገቧን ይዛ እንደምትመለስ አላየሁም። ማገዶ ተሸክሜላት አውቃለሁ? አላውቅም። ትኩስ ቆጮ ግን እፈልግ ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን ዘይነባ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ቀድሞ የምትጠብሰው በኑግ ዘይት ነበር፤ ያን ሰሞን ዘይቱ ጠፋና አንድ ነጋዴ በጣሳ የታሸገ ቅባት ሸጠላት። ነጭ ነው፣ የረጋ፣ ሽታ የለውም። ሽታ የሌለው መሆኑ ሁሉንም አስገረመ። ሙሉ የምትባል ደፋር ለቃሚ ጣቷን ጠቆም አድርጋ «እትዬ ዘይነባ፣ ይኼ ከምን የተሠራ ነው? ነገ ዓርብ ነው፣ እጾማለሁ» አለቻት።

«ነጋዴው የአትክልት ነው ብሎኛል። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጾመኛ የሆንሽው?»

«ከነገ ወዲህ» አለች ሙሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

ዘይነባም እየሳቀች ጣሳውን አነሳችና ወደ እኔ ላከችው። «ካላመናችሁኝ ጋሽ ጅግሶ ያንብብላችሁ። የፈረንጅ ጽሑፍ ሲጽፍ አይደል የሚውለው?»

የላከችው ራሷ ናት። ይህን ልብ በልልኝ። ራሷ በእጇ ላከችው፣ ስለምታምነኝ።

ጣሳውን ያዝኩት። ብሩሼ በሌላው እጄ ነበር፤ ቀለሙ እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። ሃያ፣ ሠላሳ ሴቶች ያዩኛል። ከመካከላቸው ታደለች ቆማለች፣ በእጇ ፓስቲ ይዛለች። አላውቀውም ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። እኔ ግን ጣቴን ትልቁ ፊደል ላይ አደረግሁና ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ አስኬድኩት፣ ከንፈሬንም አንቀሳቀስኩ። የማላውቀውን ፊደል እያነበብኩ መሰልኩ። ከዚያ ቀና ብዬ «የአሳማ ስብ ነው» አልኩ።

ለምን አሳማ? የከብት ቅቤ አለበት ብል ኖሮ የሚጾሙት ብቻ ይተዉት ነበር፤ ሌላው ይበላ ነበር። እኔ ማንም እንዳይበላ ፈለግሁ። ቃሉን መርጬ ነው የተናገርኩት። ሳላስብ አፌ ላይ መጣ ብዬ እንዳልዋሽህ።

አንዷ የያዘችውን ጣለች፣ ሌላዋ ተፋች። ሙሉ ብቻ «ጋሽ ጅግሶ፣ እስቲ ደግመህ እየው» አለችኝ።

«እየው ብላችሁ ሰጣችሁኝ፣ አየሁት» አልኳት። ጣሳውንም አልመለስኩም። ሌላ የሚያነብ ሰው እጅ እንዳይገባ ፈርቼ ከቆርቆሮዎቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። በአደባባይ ግን ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው አልኩ።

ማታ ታደለች ሻይ እያቀረበች «የፈረንጅ ፊደል መቼ ተማርክ?» አለችኝ።

«ድሮ» አልኳት።

አየችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር ያንን ጥያቄ አልደገመችውም፤ ነገር ግን የማነብላትን ማንኛውንም ወረቀት ለሌላ ሰው ደግማ ታስነብብ ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ሳታውቅ ሞተች ብዬ የጀመርኩት እውነት መሆኑንም እጠራጠራለሁ።

ዘይነባ በማግሥቱ አልመጣችም። መጥበሻዋን ሰባት ጊዜ በአፈርና በውሃ አጠበችው አሉ፤ ከዚያም አልዋጥ ሲላት ለቀጥቃጭ ሰጠችው። ሰንብታ የበቆሎ ንፍሮ ይዛ ወጣች። ከእጇ የሚገዛ ጠፋ። የሰደባት አልነበረም፤ ሰዎቹ እየተጠየፉ ብቻ ያልፋሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ተስማማ። ለቃሚዎቹ ምሳቸውን ከየቤታቸው እየቋጠሩ መጡ፤ አንዱ ወገን ከግንቡ ጥላ፣ ሌላው ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። የታደለች ቆጮ ወደ ቤቴ ተመለሰ። ትኩስ ነበር። ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ነበር የምትጋግረው። እኔም እበላ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ክፉ ሰው ነኝ ብለህ ልትተወኝ ትችላለህ። ግን ቆይ፤ ዋናው ገና ነው።

ከተማውን ልትለቅ ቀናት ሲቀሯት ዘይነባ መጋዘኑ ድረስ መጣች። ልትጮህብኝ የመጣች መስሎኝ ብሩሼን አስቀመጥኩ። ፎዚያን እጇን ይዛታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ወንድሜ ጅግሶ፣ አላህ ይስጥህ» አለችኝ። «አንተ ባታነበው ኖሮ እስከ ዛሬ ልጆቼን አበላቸው ነበር። የሰው ልጆችንም አበላ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ አንተ መጽሐፍ ታውቃለህ። ሳያውቁ የበሉት ያስጠይቃል?»

አመነችኝ። ገባህ? እኔ የፈጠርኩትን ኃጢአት በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ሸክሙን ወደ ጫንኩባት ሰው ምክር ልትጠይቅ መጣች። እኔም መከርኳት። «ሳታውቂ ነው እትዬ ዘይነባ፤ አትጠየቂም» አልኳት። እንደ ሽማግሌ ራሴን እየነቀነቅሁ አጽናናኋት። እጄን ይዛ ሳመችው። እጄን አልነጠቅሁም።

ወደ ሀገረ ማርያም፣ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች። እዚያው ሞተች።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ማንም አያውቅም። የእንግሊዝኛ ፊደል ማስተማሪያ ገዝቼ ለብቻዬ መማር ጀመርኩ። ሰው «ጅግሶ እውቀት አይጠግብም» ይል ነበር። የተማርኩት ለእውቀት አልነበረም። ሐሰቴ በአጋጣሚ እውነት ሆኖ እንደሆነ ለማየት ነው። ከመዝገበ ቃላት መጀመሪያ የፈለግሁት ቃል አሳማ ነበር። ፊደሎቹን በወረቀት ጽፌ፣ በሩን ዘግቼ፣ ጣሳውን እያዞርኩ ዙሪያውን ፈለግሁ። እንዳገኘው ጸለይኩ። አሳማ እንዲሆን እግዚአብሔርን ለመንኩ፤ እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምተህ ታውቃለህ? አልነበረም። ትልቁ ፊደል፣ ያን ዕለት ጣቴን ያደረግሁበት፣ ከአትክልት የተሠራ ይላል። ነጋዴው እውነቱን ነበር። እሷም እውነቷን ነበር።

ለራሴ ማምለጫ ፈልጌ አውቃለሁ። የጣሳ ቅባት ለጤና አይበጅም፣ ማርታም እንዲህ ትላለች፣ ስለዚህ ሳላውቅ ሰው አድኛለሁ እል ነበር። ማርታ እውነቷን ሊሆን ይችላል። ለተስፋዬም የጣመው ልጅነቱ እንጂ ፓስቲው ላይሆን ይችላል። የእነሱን ክርክር እነሱ ይጨርሱት። እኔ ግን ያን ቀን ስለ ማንም ጤና አላሰብኩም። የሚስቴን እራት ነው ያሰብኩት። የእኔን ክብር ነው ያሰብኩት።

ፎዚያ አድጋ ዲላ ተመልሳለች። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላት፤ እንግሊዝኛ ከእኔ በላይ ታነባለች። እስከ ዛሬ ፓስቲ አትቀምስም፤ ለልጆቿም «እናቴን ከሐራም ያወጧት እኚህ አባት ናቸው» እያለች ታሳየኛለች፣ ተነስታም ትከሻዬን ትስማለች። በዚያ በኩል ላለማለፍ ስንት ጊዜ መንገድ አዙሬአለሁ።

ከአንተ ይቅርታ አልለምንም። አንተ ምን ተወሰደብህ? የምትሰጠኝ ይቅርታ የሰው ንብረት ነው። ይህን ወረቀትም መጀመሪያ ለልጆቼ አነባለሁ፤ ማርታ የሚያኮራትን ነገር እኔው ከእጇ እወስዳለሁ። ከዚያ ቅዳሜ፣ ጣሳውን በፌስታል ይዤ ወደ ፎዚያ ሱቅ እሄዳለሁ። ትከሻዬን ልትስም ስትነሳ አስቆማታለሁ። አላውቅም ነበር አልልም። ወጣት ነበርኩ አልልም። ጣሳውን ፊቷ አስቀምጬ፣ ጣቴን ትልቁ ፊደል ላይ አድርጌ፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ» እላታለሁ።