አዲሷ ሾፌር

በመድን ድርጅቱ ወረፋ ላይ ከፊቴ የነበሩትን ሴት እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። ስልሳን የዘለሉ፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ነበሩ። አዲሱን መንጃ ፈቃዳቸውን እንደ ጫጩት በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውታል።

«ሦስት ድርጅት ዞሬ መጣሁ፣ ልጄ» አሉት ሠራተኛውን። «ሽበቴንና አዲሱን መንጃ ፈቃድ ሲያዩ ዋጋው ሰማይ ይነካል። የመኪናችን የድሮ የመድን ውል ደግሞ ነገ ያበቃል። ባለቤቴ ዓይኑን ከታመመ ወዲህ ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ።»

«ጀማሪ ስለሆኑ ሙሉ ዋስትና ይወደድብዎታል፣ እማማ። መኪናዋ ካረጀች ግን ምን ያደርግልዎታል? የሦስተኛ ወገኑ ይበቃዎታል።»

«ሰው ብገጭ ለተጎጂው ይከፍላል?»

«ይከፍላል። የእርስዎን መኪና ግን አያሠራም።»

«ቆርቆሮውንማ ባለቤቴ ሲያጋጨው ነው የኖረው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የሰው ነገር ነው።»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ሠራተኛው ዋጋውን ሲነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ፤ እስከ ጆሯቸው ተሰቅሎ የነበረው ትከሻቸውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሲወጡ በክፍቱ መስኮት በዓይኔ ተከተልኳቸው። ደጃፉ ላይ በቆመች አሮጌ መኪና ውስጥ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀምጠው፣ የእጅ ፍሬኑን ጨብጠው ይጠብቃሉ።

«ምን አሉሽ?»

«የምችለው ዋጋ ነው። ነገም የምወስድህ እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ንጂያት፤ ብቻ ያገኘሽውን ሰው ሁሉ ሰላም ለማለት አትቁሚ» አሉና ሽማግሌው እጃቸውን ከፍሬኑ አንስተው ጭናቸው ላይ አሳረፉ።