ሁለተኛው ዲስክ

ከነፃነት በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት፣ አስመራ ውስጥ የተሰዉ ታጋዮች ስም የተመዘገበበትን ኮምፒውተር የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት መናገር ቢያስፈራኝም ማሽኑን የሚያውቅ ሌላ አልነበረም። ቤተሰብ ሲጠይቅ ስሙን እፈልጋለሁ። ከተገኘ፣ ከመናገሬ በፊት ከወንበሬ እነሳለሁ፤ ለተሰዋው ክብር የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቁትም ያውቁታል። ከሌለ ተቀምጬ «የለም» እላለሁ።

በገጀረት ሰፈር የሚኖሩት እናት፣ አደይ ለተብርሃን፣ ስለ ታጋይ ልጃቸው ሲጠይቁኝ ተቀምጬ ነበር «የለም» ያልኳቸው።

ከወር በኋላ ማሽኑን ከፍቼ አቧራ ስጠርግ ስህተቴን አየሁ። ዝርዝሩ በሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ዲስኮቹ የተሰኩባቸው ሁለት ካርዶች ደግሞ ሜሞሪ ውስጥ የየራሳቸው አድራሻ ሊሰጣቸው ይገባል። እኔ ለሁለቱም አንድ አድራሻ ሰጥቼ ኖሯል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አንዱን ዲስክ ብቻ እያየ፣ የሌላውን ስሞች ሳያውቃቸው ከርሟል። የአንደኛውን ካርድ አድራሻ የምትወስነውን ትንሽ መሰኪያ ነቅዬ ቦታዋን ቀየርኩና ማሽኑን መልሼ አስነሳሁት።

ያኔ አደይ ለተብርሃን ሕምባሻ ይዘው ገቡ።

«የቐንየለይ ጓለይ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ! ሲመጣ እንዲያርፍበት የልጄን ክፍል ቀለም አስቀባሁለት» አሉኝ። «እስቲ ያቺን ‹የለም› አንዴ ድገሚልኝ፣ ጆሮዬ ወዷታል።»

«አደይ፣ ዛሬ ማሽኑ...»

«አትስነፊ እንጂ!» ብለው ሳቁብኝ።

ስሙን ጻፍኩ። ከነአባቱና ከነአያቱ ስም ወጣ።

«ጓለይ» አሉኝ፣ ሕምባሻውን እንደያዙ፣ «ለምን ተነሳሽ?»