በአራት እግር

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ከቤቴ ወርጄ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አስፋልቱን የሚወቅር ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዞር ብዬ ሳይ ተራራ ሊወጡ የተነሡ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ቦርሳ፣ በሁለቱም እጃቸው ቀጭን የብረት ምርኩዝ። አንዷ ልጅ ምርኩዟን እየጠመዘዘች አስረዘመችና ከክርኗ ጋር ለካችው። ለጓደኛዋም «ሽቅብ ስንወጣ ታሳጥሪዋለሽ፣ ቁልቁል ስንወርድ ታስረዝሚዋለሽ» አለቻት። ይህንን ነገር በዕድሜዬ የሰማሁት ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው፤ ከአባቴ። አጠገቤ ያለ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ባጃጁም ጥሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ልንገርህ። አባቴ እዚሁ ናዝሬት የዱቄት ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ከዚያ በፊት ግን በንጉሡ ዘመን ከውጭ ለሚመጡ አዳኞች በአዋሽ ሸለቆ መንገድ ይመራ ነበር። ሁለት ዱላ ይዞ መሄድን የተማረው ከእነሱ ነው። ዳገት ሲሆን በዱላዎቹ ይሳባሉ፣ ቁልቁለት ሲሆን ይደገፋሉ፣ አውሬ ሲያዩ ደግሞ ሁለቱን አመሳቅለው ጠመንጃቸውን ያሳርፉበታል። ደርግ ሲመጣ አዳኞቹ ቀሩ። አባቴ ዘንድ የተረፈው አንድ አሮጌ ጠመንጃና ያ አካሄድ ነው። ጠመንጃውም ያልተወሰደበት መተሐራ በኩል ከርከሮ ሸንኮራ አገዳውን እየፈነቀለ ስላስቸገረ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ እንዲያድን ስለተፈቀደለት ነበር።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ቤት የተቀመጠ ወጣት ወንድ ማለት ለጦር ሜዳ የታጨ ማለት ነው። አፈሳው ገበያ ላይ ነው፣ ኳስ ሜዳ ነው፣ መናኸሪያ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ታፍሶ ሄደ፤ ከሰሜን አንድ ጊዜ ወሬው መጣ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም ቀረ። እናቴ ወንድሜ ከበር ከወጣ እስኪመለስ ድረስ አትቀመጥም ነበር። ይታፈስ ይሆን ወይስ ይተርፍ ይሆን፣ በቤታችን ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረም።

አንድ ቀን አባቴ ምሳ ላይ «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ከእኔ ጋር አደን ይወጣሉ» አለ። እናቴ ደስ አላት፤ አፈሳው ከከተማ ውጭ የለም። «እሷ ደግሞ ሴት ልጅ ጫካ ለጫካ ምን ልትሆን?» ስትል ግን አባቴ «እሷም ትምጣ» ብሎ ዘጋው። እኔ የመሰለኝ ስለሚወደኝ ነው። ገና ልጅ ነበርኩ፣ ሂሳቡ አልገባኝም።

ዱላዎቹን ራሱ ሠራቸው። ከቀርከሃ ነው፤ ይቀላል፣ አይሰበርም። ጫፉ ላይ ከፋብሪካው ያመጣውን ብረት ተከለበት፣ አውሬ እንዳይሰማው ደግሞ ብረቱን ከመኪና ካላማዳሪያ በቆረጠው ጎማ ሸፈነው። ሽቅብ ስንወጣ ዝቅ አድርገን እየያዝን እናሳጥረዋለን፣ ቁልቁል ስንወርድ አናቱን ይዘን እናስረዝመዋለን። መያዣው ላይ የቆዳ ማንጠልጠያ አለ፤ ቁልቁለት ላይ ግን እጃችንን እንድናስገባበት አይፈቅድም፣ ስትወድቁ እጃችሁን ይሰብረዋል ይላል። ከግቢ ስንወጣ ጎረቤታችን የነበሩት ሴትዮ «ምነው ጋሼ፣ ልጆቹን በለጋነታቸው ምርኩዝ አስያዟቸው!» እያሉ ይስቁብን ነበር። አባቴም ፈገግ ብሎ «ሁለት እግር ለቤት ነው እትዬ፤ ለመንገድ አራት ያስፈልጋል» ይላቸዋል።

በጭነት መኪና መተሐራ እንወርድና ከኬላው አልፈን በእግር እንጀምራለን። የበሰቃ ሐይቅ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ እንደ እንዶድ የሚጎመዝዝ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። ከሐይቁ ወዲያ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ድሮ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ፀሐይዋ ከላይ ትመታሃለች፣ ድንጋዩ ደግሞ ከታች ይመልስብሃል። ድንጋዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ አረጋገጥህን ካላወቅክ ቁርጭምጭሚትህን ይበላዋል። አባቴ ከፊት፣ ወንድሜ መሀል፣ እኔ ከኋላ።

ወንድሜ ደረቱ ደካማ ነበር፣ ደግሞም ሰነፍ። አባቴ በየሳምንቱ ቦርሳው ውስጥ ድንጋይ ይጨምርበታል፣ ውሃ ይቀንስበታል።

«ከርከሮ ለማደን ድንጋይ መሸከም ምን ይሠራል?»

«የገደልከውን ማን ሊሸከምልህ ነው?»

«ከርከሮ ማን ሊበላ ነው አባዬ?»

«ዝም ብለህ ሂድ።»

እኔ በሳቅ እሞታለሁ። እውነት ለመናገር ከርከሮ የገደልነው ከስንት አንዴ ነው፤ ለእናቴ አንዳንዴ ጅግራ ይዘንላት እንገባ ነበር። ወንድሜ ግን ቀስ በቀስ ደረቱ ሰፋ፣ ሸራ ጫማውን ተወና እንደ አካባቢው ሰው በበረባሶ መሄድ ለመደ። ዱላዎቹ ከእጁ ጋር ተዋሐዱ። አሁን ድሬዳዋ ነው የሚኖረው፤ ሆዱ ወጥቷል፣ ሱቅ ድረስ እንኳ በባጃጅ ነው። ስስቅበት «እኔ የመራመድ ኮታዬን ጨርሻለሁ» ይለኛል።

ያ ቅዳሜ ከሌሎቹ በምንም አይለይም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ወገብ ደርሷል፣ እርግቦቹ ግራሩ ላይ ያጉረመርማሉ። ሁልጊዜ ከምንመለስበት ቦታ ስንደርስ አባቴ አልቆመም። አለፈ። እኔ የአውሬ ዱካ ያየ መስሎኝ ዱላዬን ሳላሰማ ተከተልኩት። ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር አንድ የከረዩ ኦሮሞ ከብት አርቢ ተቀምጦ ነበር፤ ጸጉሩ በቅቤ ርሶ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። ተነሥቶ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ?» ብሎ ደኅንነታችንን ጠየቀ። አባቴ «ገለተ ዋቃ»፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ብሎ እጁን ጨበጠው። እንደሚተዋወቁ ገባኝ።

አባቴ የወንድሜን ቦርሳ ከጀርባው አወረደና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ጣላቸው። ከራሱ ቦርሳ በሶ፣ ውሃና ጋቢ አውጥቶ በቦታቸው ሞላ። ከዚያ ተናገረ፤ ድምፁ ማሽን ስለማጥበቅ የሚያወራ ይመስላል።

«ይህ ሰው አዋሽን ያሻግርሃል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ይረከብሃል። ጅቡቲ እስክትገባ ዱላዎችህን እንዳትጥል።»

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፣ እኔም ፈገግ አልኩለት። ከዚያ የአባቴን ፊት አየ።

«እማዬስ?»

«እሷን ለእኔ ተዋት።»

ይኸው ነው። ሰውዬው መንገድ ጀመረ፣ ወንድሜም ተከተለው። እኔ ገና ይመለሳል ብዬ ቆሜያለሁ። ሳልስመው ሄደ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲወርድ ማንጠልጠያውን ከእጁ ሲያወጣ አየሁት፤ አባቴም አየ፣ «ጎሽ» ሲልም ሰማሁት። ሣሩ ሲውጠው ያኔ ነው ጩኸቴን የለቀቅኩት። አባቴ አፌን በመዳፉ ያዘኝ። የዘይትና የብረት ሽታ ነበረው።

ድንጋጤው ግን ይህ አይደለም። ድንጋጤው ከዚህ በኋላ ነው። ስንመለስ አባቴ ወደ አዋሽ ወንዝ ታጠፈ። ከቦርሳው ውስጥ የወንድሜን ሸራ ጫማ አወጣ፤ ከቤት ደብቆ ይዞት መጥቷል። አንዱን ውሃው ላይ ወረወረው፣ አንዱን ዳሩ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ «አንቺ ምንም አላየሽም። እኔና አንቺ ፊት ፊት ነበርን፣ እሱ እጁን ሊታጠብ ወረደ። ከዚህ ሌላ ቃል ካወጣሽ እኔም እታሰራለሁ፣ እሱንም ተከታትለው ይይዙታል» አለኝ። ያኔ ነው ለምን ይዞኝ ይመጣ እንደነበር የገባኝ። አባት ብቸኛ ወንድ ልጁን ይዞ ወደ ጠረፍ ሲሄድ ያስጠረጥራል፤ ሴት ልጁም አብራ ካለች ሽርሽር ነው። እኔ መሸፈኛ ነበርኩ።

ኬላው ላይ ጠባቂው «ጠዋት ሦስት ነበራችሁ» አለ።

አባቴ ዋሽቶ አያውቅም። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን በምንጸልይበት ዘመን እንኳ፣ ቀበሌ ጠርቶ ሲጠይቀው «አዎ፣ እጸልያለሁ» ያለ ሰው ነው። እሱ ያለው ነገር በከተማው እንደ መሐላ ይቆጠራል። ያ ሰው ኬላው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና «ልጄን አዋሽ በላብኝ» ብሎ አለቀሰ። ቃሉ ውሸት ነበር፤ ለቅሶው ግን እውነት ነበር። እስከ ዛሬ መለየት የሚያቅተኝ ይህ ነው።

ለእናቴም ይነግራታል ብዬ ነበር። መንገዱን ሙሉ፣ ቤት ስንገባ በጆሮዋ ሹክ ይላታል ብዬ ራሴን ሳጽናና መጣሁ። በሩ ላይ ቆሞ ያንኑ ቃል ደገመላት።

በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ ደረት መድቃት አልነበረም፤ በመዝሙር ነው የምንሸኘው። እናቴ ግን ደረቷን ደቃች፣ ፊቷን ነጨች፣ «ሬሳውን እንኳ!» እያለች መሬት ላይ ተንከባለለች። ድንኳን ተተከለ፣ እድርተኛው መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ጫማው ወንዙ ዳር ተገኝቶ ነበርና አዞ ነው ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ከንፍሮው እየዘገነ እናቴን ሲያያት፣ ሲያያት ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እንዴት ነበር፣ የኔ ልጅ?» አለኝ። የተማርኩትን አልኩ። አንገቱን ደፋ፤ አመነ። ያሳመነው የእኔ ቃል አልነበረም፣ የእናቴ ፊት ነው። አባቴ ይህን አስቀድሞ አውቆታል። እናቴ ብታውቅ ኖሮ እንዲያ ማልቀስ አትችልም ነበር።

አባቴ ያደረገው ትክክል ነው፣ ወንድሜ በሕይወት አለ። ግን እንዴት ቻለው? እኔ ልጅ ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ጸጉሬ ሸብቶም ይህንኑ እጠይቃለሁ።

ድንኳኑ ተነሥቶ እንግዳው ካለቀ በኋላ ነው የነገራት። ጠዋት ነበር፤ በሩን ዘጋና እግሯ ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት። እናቴ አልጮኸችም። ጥቁር ሻሿን ከራሷ አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ማን ፈቀደልህ?» አለችው። ከዚያ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ሻሿን መልሳ አሰረች። ለሚገባው ሁሉ ስታለቅስ ከረመች። ማልቀሱ አልነበረም የሚከብዳት፤ በቁም ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው፣ እኔው በለቅሶዬ እገድለዋለሁ እያለች ነበር። አንድ የባቡር ሠራተኛ ከጅቡቲ መጥቶ «ልጅሽ ወደብ ላይ ሥራ ይዟል» እስኪላት ድረስ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም። ከዚያ በኋላም ከአባቴ ጋር ስቃለች፣ አብራው በልታለች፤ ነገር ግን አንድ ነገር በነገራት ቁጥር ቀና ብላ ዓይኑን ታየዋለች። ቀድሞ እንዲያ አታየውም ነበር።

አባቴ የሞተው ደርግ ሳይወድቅ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰዱት፣ እዚያው አረፈ። እንደ ወጉ ሽማግሌዎችና የሥራ ባልደረቦቹ ጎህ ሲቀድ መርዶ ይዘው መጡ። እኔ ከውጭ ሲገቡ ሳያቸው ገብቶኝ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ለእናቴ ነገሯት። ሁሉም ጩኸቷን ጠበቁ።

እናቴ አልጮኸችም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደከማችሁ» ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ፣ መጋረጃውን ጋረደች። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ እንደ ልጅ ያበራል። አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ ከውጭ እንዳይሰማ ተጠንቅቃ፣ «ለእኔ ንገሪኝ፣ ዛሬስ አትደብቂኝ» አለችኝ። «በየት በኩል ሄደ?»

የሽማግሌዎቹ መርዶ አልደረሳትም። እናቴን ያረዳኋት እኔ ነኝ።