ጨረቃ የተቀረጸበት እንጨት

ሮቤ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ጎባ ቤቴ መጥታ የአንድ የእንጨት ሰሌዳ ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። የሩቅ ባሕር ደሴት ሰዎች የቀረጹት ጽሑፍ ነው፤ ዛሬ የሚያነበው የለም።

«እነዚህ ጨረቃዎች ናቸው። የቀን መቁጠሪያ ነው ብዬ በጥናቴ ልጽፍ ነው» አለች፣ ቅርጾቹን እየጠቆመች።

«ባለቤቶቹን ጠይቀሻል?»

«ማንበብ የሚያውቁት አልቀዋል እኮ፣ አኮ!» አለች፤ በኦሮምኛ ሴት አያቴ ማለቷ ነው።

ደክሞኝ ነበር፤ ግን በሙት አፍ ሲነገር አልወድም። የበራፌን መቃን አሳየኋት። ከጎረቤቴ ጋር አንዲት ላም በጋራ ነበረችን፤ ወተቱን በየወሩ ስንፈራረቅ፣ ተራው ሲዞር ጨረቃ በቢላ እቀርጽ ነበር።

«ስሞት ይህንንም የቀን መቁጠሪያ ትይዋለሽ?»

«ወር ቆጥረውበት የለ እንዴ?»

«የቆጠርኩት ማናችንም እንዳንበደል ነው።»

«ክርክር አይደክምዎትም?»

«ደክሞኛል። ‹ሊሆን ይችላል› ብለሽ ጻፊ።»

እያጉረመረመች ጻፈች። የጻፈችውን አስነብቤ ሰማሁና ጋደም አልኩ።