ናይትሬቱን አጥፍቼዋለሁ

ባለፈው ሳምንት አሰላ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና «መምህር፣ ናይትሬቱን ላጥፋው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ብክለት በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የምናሰላበት ፕሮግራም እያንዳንዱን ነገር ለብቻው ማብራትና ማጥፋት ያስችላል። መጀመሪያ ብክለቱን አጥፍተን የውሃውን ፍሰት እናስተካክላለን፤ ከዚያ መልሰን እናበራዋለን። እኔ ግን ጠመኔውን እንደያዝኩ አንድ ጉድጓድ ትዝ አለኝ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በገብስ ማሳ መካከል ያለ አንድ የግቢ ጉድጓድ ነበር። የግቢው እመቤት አደ ጫልቱ ከሴት ልጃቸው ከሃዊና ከሃዊ ጨቅላ ጋር ይኖሩ ነበር። ዝናቡ ከማሳው ያጠበው ማዳበሪያ ጉድጓዱን በናይትሬት በክሎት ነበር። ትልቅ ሰው ብዙም አይጎዳም፤ የጨቅላ ደም ግን ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ የሕፃኗ የዱቄት ወተት በቦኖ ውሃ ብቻ እንዲበጠበጥ ነገርኳቸው። አደ ጫልቱም በዚያ በነሐሴ ጭቃ በየቀኑ ጄሪካን ተሸክመው ይመላለሱ ነበር።

አንድ ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ስሠራ፣ ምን ላይ እንደደረስኩ ጠየቁኝ። ማስረዳት ያኔም እወድ ነበር።

«ናይትሬቱን አጥፍቼዋለሁ» አልኳቸው። «አሁን የቀረኝ ፍሰቱን ማስተካከል ነው።»

«ተባረክ፣ ልጄ» ብለው ገቡና የገብስ ጭኮ አመጡልኝ። ቅቤው ገና አልረጋም ነበር። ጣቶቼን እየላስኩ ጨረስኩት፤ ምርቃቱ ለትጋቴ መስሎኝ።

በሳምንቱ ስመለስ ቤቱ ተዘግቷል። የሕፃኗ ከንፈር ጠቁሮ ሆስፒታል እንደወሰዷት ጎረቤት ነገረኝ። ሄድኩ። ሃዊ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ናይትሬቱን አጠፋሁት ስላልኩ ከጉድጓዱ መቅዳት እንደጀመሩ፣ ሰዓት እንደምትናገር ሰው ነገረችኝ። ያጠፋሁት ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ መሬት ውስጥ እንዳልሆነ ላስረዳት ፈልጌ ነበር። አላስረዳሁም። ግድግዳው ላይ በሁለት ቋንቋ የተጻፈውን የመጠየቂያ ሰዓት ደጋግሜ አነበብኩ።

ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ድና ወጣች። እኔም በሩ ላይ ጠብቄ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ለአደ ጫልቱ ነገርኳቸው። ሕፃኗን በጋቢ እየሸፈኑ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ምን አጠፋህ?» አሉኝ።

ሊያጽናኑኝ ነበር። ቃሉ ግን ያው «ማጥፋት» ነው። ባጃጅ ጠራሁላቸው። ጥናቴን ጨረስኩ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ያ ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ የለውም።

ተማሪዬ አሁንም እየጠበቀኝ ነበር። «አጥፋው» አልኩት። ከዚያ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ናይትሬቱ የጠፋው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ውሃውን እየጠጡ ነው።

ሁሉም ደብተራቸው ላይ ገለበጡ።

«ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ ያው ተማሪ።

«ይመጣል» አልኩት።