ቀስቱን የሠራው ሰው

አለቃዬ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ይቅር አላልኩትም፤ ልለውም አልፈልግም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ። ያደግሁት ቅኔ ቤት ነው፤ የቀጠሩኝም እጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነበር። አለቃዬ በአውሮፕላን እየመጡ ግንቡን ለሚጎበኙ እንግዶች ብሎ አንድ ክፍል ሙሉ የድሮ መሣሪያ ሰብስቧል፤ ጋሻ፣ ጦር፣ ሦስት ቀስትም።

«ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ እያጣራህ ካርድ ጻፍለት» አለኝ።

የጋሻና የጦር ዐዋቂ አላጣሁም። ቀስት ግን በእኛ ደጋ ማን ያውቃል? ስጠይቅ ቆይቼ አዘዞ ውስጥ የጠፍር አልጋ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰዎች ጠቆሙኝ። የቆላ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከአገራቸው ተነጥቀው መጥተው፣ ባርነት እስኪቀር ድረስ በአንድ ባላባት ቤት አገልግለዋል። ያኔ እኔም እንደ ሌላው ሰው «አንተ» ነበር የምላቸው። አሁን አንቱ እያልኩ ስጽፍ ራሴን እታዘባለሁ።

መሥሪያ ቤት መጥተው ቀስቶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እየወሰዱ አዩ። የመጀመሪያውን ሲያነሡ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጅማቱ ከሽመሉ ጫፍ የታሰረበትን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ይኸ የአጎቴ ነው» አሉ።

«በምን አወቅህ?»

«አጎቴ የሚሠራው በግራ እጁ ነበር። የሰው ሁሉ ቋጠሮ ወዲህ ይዞራል፣ የሱ ወዲያ። ቢላዋውም የሄደው እንደዚያው ነው፤ ዳብሰው።»

ዳበስኩት፤ እውነታቸውን ነው።

«እኔ ከመወሰዴ በፊት በነበረው ክረምት ነው የሠራው። ይኸን መጨበጫው ላይ የተጠቀለለውን የድኩላ ቆዳ አብረን ነው የገፈፍነው። እኔን የወሰዱኝ ሰዎች ቀስቱንም ወሰዱት።»

ሁለተኛውን ራሳቸው ሠርተውታል፤ ጣሊያን ሊገባ ሰሞን ጌታቸው የሰርግ እንግዳ ሊያስቅበት አዝዟቸው። ሦስተኛውን አሸተቱና ፈገግ አሉ። «ይኸ ትናንት የተሠራ ነው። ሰው የያዘው ቀስት የሚጠቁረው መጨበጫው ላይ ነው። ይኸ ሁሉ ቦታው እኩል ጠቁሯል፤ ጭስ ላይ ሰቅለውት ነው።»

ያን ቀስት አለቃዬ ከአንድ ነጋዴ ራሱ ገዝቶ፣ የንጉሥ ነው እያለ ሲመጻደቅበት ከርሟል። ለካ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

«ከንጉሥ ግምጃ ቤት የወጣ ነው ብዬ ለበላይ አስታውቄያለሁ» አለ። «አሁን ባሪያ መጥቶ ታሪክ ሊያስተምረኝ ነው?»

ይህን ያለው እሳቸው እየሰሙ ነው። ቁጭ አድርጎ በሦስቱም ካርድ ላይ «የጎንደር ነገሥታት ቀስት» ብሎ አስጻፈኝ። በዚያ በሚያምር ጽሑፌ ጻፍኩት።

ሽማግሌው ግቢው በር ላይ ሲጠብቁኝ ቆይተው «የአጎቴን ስም ጻፍከው?» አሉኝ።

«ጽፌዋለሁ» አልኳቸው።

ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ትልቋን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ፊደል ቆጥራለች። ሦስቱንም ካርድ አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«አባባ፣ ስሙ የለም» አለች።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው?» አሉኝ። በአለቃዬ ላይ ያለኝ ንዴት ቀላል ነው፤ ለዚያች «ምነው» ግን ከራሴ በቀር የምቆጣው ሰው የለኝም።

እነሱ እንደሄዱ ካርዶቹን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ። በአንዱ የአጎትየውን ስም፣ በሁለተኛው የእሳቸውን፣ በሦስተኛው «አዲስ፤ በጭስ የጠቆረ» ብዬ። በማግሥቱ አለቃዬ አይኔ እያየ ቀዳደዳቸው። ውሸታም አልኩት፤ በሹክሹክታ አይደለም፤ ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። በዚያው ሳምንት ከከተማው ርቃ ወደምትገኘው ድብ ባሕር ተዛወርኩ።

ከመሄዴ በፊት አዘዞ ወረድኩ። ሽማግሌው አንድ ጫፉን በእግራቸው ረግጠው ጠፍር ይወጥራሉ።

«አያ፣ በትክክል ጽፌው ነበር፤ ቀደደው» አልኳቸው።

«አሁን አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያማ የለም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ልጃቸው በርጩማ አመጣችልኝ። ትንሽ ቆሜ ሳልቀመጥ ሄድኩ።